ከዓሣው በፊት ውኃው

ባለፈው ዓመት በሳይንስ ክፍላችን ጥግ ላይ አንድ የመስታወት ገንዳ እንደነበረ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ሰኞ የባሕር ውኃ ሞላንበት፤ ማክሰኞ አንድ ዓሣ አጥማጅ በባልዲ ያመጣልንን አራት ትንንሽ ዓሦች ጨመርንበት፤ ዓርብ ጠዋት አንድም በሕይወት አልነበረም። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ዓሦቹን ለማየት ተሰልፈው ሲመጡ የጠበቃቸው የደፈረሰ ውኃና መጥፎ ሽታ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ ማን ገደላቸው?» አለችኝ። «ሙቀቱ ነው» ብያት አለፍኩ።

ሙቀቱ አልነበረም። የገደላቸው የእኔ ችኮላ ነው። ይህን የምጽፈው ያንን መልስ ለማረም ነው። ከዚያም አልፎ፣ ገንዳው በሚመጣው ዓመት እንደገና ይቋቋም እላለሁ። ነገር ግን በዝቅተኛ ወጪ ይሁን፤ ከኮራል ሪፉ ላይ ሕይወት ያለው ነገር አይነካበት፤ የመጀመሪያውንም መንፈቀ ዓመት ያለ አንድ ዓሣ ይቆይ።

«ያለ ዓሣ ምን ገንዳ አለ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ውስጥ የሆነውን እንመልከት። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወጣው ቆሻሻና ተርፎ የሚበሰብሰው ምግቡ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይፈጥራሉ። በሰፊው ባሕር ውስጥ ይህ ተበትኖ ይጠፋል፤ በ60 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው የራሱን መርዝ መልሶ ይተነፍሰዋል። የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ሌላኛው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይህ እስካልበዛ ድረስ ዓሣውን ብዙም አይጎዳውም፤ በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አሥረኛውን እየቀየሩ መቀነስም ይቻላል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ሰፍረው እስኪበዙ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። እኛ የሰጠናቸው አንድ ቀን ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላል፤ እኛ ግን የምንለቅመው እንኳ አልተረፈንም።

ስለዚህ በጥቅምት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ገንዳውን በባሕር ውኃ፣ በአሸዋና በድንጋይ ብቻ እንጀምር። ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት እንዲያገኙ ቁንጥር የዓሣ ምግብ በየጊዜው ጣል እናድርግበት። ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃውን በመመርመሪያ ፈሳሽ ይለኩ፤ ቀለሙን አይተው በግድግዳ ወረቀት ላይ ግራፍ ይሥሩ። አሞኒያው ወጥቶ ሲወርድ፣ ናይትራይቱ ተከትሎ ወጥቶ ሲወርድ፣ ናይትሬቱ ደግሞ ሲጨምር ያያሉ። ሁለቱ መርዞች ዜሮ ላይ ሲቆዩ ውኃው ለነዋሪ ደርሷል ማለት ነው። ባዶ በሚመስል ገንዳ ውስጥ ይህን ሁሉ ያየ ልጅ ዓሣ ካየው ልጅ የበለጠ ተምሯል ብዬ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘብ ነው። የባሕር ገንዳ የሀብታም መጫወቻ ነው ይባላል። ከባሕር ርቆ ለሚኖር ሰው አባባሉ እውነት አለው፤ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰው ይህን ቢሞክር ጨዉን በከረጢት፣ ማሞቂያውንም ከውጭ ማስመጣት ሊኖርበት ነው። እኛ ግን ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ ነን። ባሕሩ በእግር የሚደረስበት ነው። ከወደቡ ራቅ ካለ ንጹሕ ቦታ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፣ በጀሪካን ቀድቶ በነጠላ ጨርቅ ማጥለል ብቻ ነው። በኢንዶኔዥያ ጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ በባሕር ውኃ፣ ሕያዋን ነገሮች በሰፈሩበት ድንጋይና በአየር ፓምፕ አረፋ ብቻ የባሕር ዓሦችን እንዴት እንደሚያኖር እ.ኤ.አ. በ1961 ጽፎ ነበር። የእሱም ከተማ እንደ እኛዋ ሞቃትና ከባሕር ዳር ያለች ናት። የእሱ ዘዴ ዛሬ በመላው ዓለም ላሉ የሪፍ ገንዳዎች መነሻ ሆኗል።

ድንጋዩም ቢሆን ከእግራችን ሥር ነው። ልጆች፣ የሰፈራችን ስም «የእባብ አምባ» ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህ አምባ ከምን እንደተሠራስ ታውቃላችሁ? ጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችባቸው አምባዎች በጥንት ዘመን ከባሕር ሥር የነበሩ የኮራል ሪፎች ናቸው። የቀድሞ ሰዎችም ይህንኑ ድንጋይ እየጠረቡ ቤት ሠርተውበታል። ከፈረሰ አሮጌ ግንብ የተረፈ ፍርስራሽ አንሥታችሁ ብታዩ የኮራሉን የኮከብ ቅርጽ ታገኙበታላችሁ። እንግዲህ ባለቤቱን አስፈቅደን ኖራና ሲሚንቶ ያልነካውን መርጠን፣ በንጹሕ ውኃ ለጥቂት ሳምንታት ዘፍዝፈን ብናስቀምጥ፣ ከሞተ ብዙ ሺህ ዓመት የሆነው ሪፍ ለአዲሱ ቤት ይሆናል። ከባሕሩ አንድም ሕይወት አልነጠቅንም።

የምንገዛው ታዲያ ጥቂት ነው። መስታወት ቆራጭ ቁመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ይሥራልን፤ ሲሊኮኑ ሻጋታ የሚከላከል መርዝ የሌለበት መሆን አለበት። ይህ 63 ሊትር ይይዛል። ከውኃው፣ ከድንጋዩና ከመስታወቱ ጋር ወደ 90 ኪሎ ስለሚጠጋ የተማሪ ዴስክ ላይ አይቀመጥም፤ ጠንካራ የብረት ማስቀመጫ ያስፈልገዋል። አንድ ትንሽ ፓምፕ፣ ቴርሞ ሜትር፣ የጨው መጠን የሚለካ ሃይድሮሜትርና የውኃ መመርመሪያ ይጨመርበታል። ብዙ ጀማሪ ለሚያምረው መብራት ከፍሎ በመመርመሪያው ላይ ይሰስታል። እኛ ተቃራኒውን እናድርግ፤ ኮራል በሌለበት ገንዳ ውድ መብራት የሚያበቅለው አልጌ ብቻ ነው።

የእኛ እውነተኛ ፈተና ሙቀትና ትነት ነው። ገንዳው ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ርቆ፣ ትንሽ ቬንትሌተር በውኃው ገጽ ላይ ቢነፍስበት ሙቀቱ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ሊቀንስ ይችላል፤ ደረቅ ነፋስ ባለበት ወቅት ይበልጥ ይሠራል። ግን የሚተነው ውኃው እንጂ ጨው አይደለም። ለሒሳብ ክፍል የሚሆን ጥያቄ እነሆ፦ 63 ሊትር ውኃ በእያንዳንዱ ሊትር 36 ግራም ጨው ቢኖረውና 6 ሊትር ቢተን፣ በቀረው ውኃ በሊትር ስንት ግራም ይኖራል? ወደ 40 ግራም። ይህ ለብዙ የባሕር እንስሳት ጭንቅ ነው። ነገሩ እንዲሁ ቢቀጥል መጨረሻው ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ ወደ አሳል ሐይቅ ይሂድ፤ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ከባሕሩ አሥር እጥፍ ያህል ጨዋማ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የተነነውን የምንተካው በባሕር ውኃ ሳይሆን ጨው በሌለው የተጣራ ውኃ ነው። የቧንቧችን ውኃ ጨው ጨው ስለሚል አይሆንም። ከኤሲ የሚንጠባጠበውም ነፃ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ፤ ከመዳብ ቱቦው ላይ መዳብ ሊይዝ ይችላል፤ መዳብ ደግሞ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይገድላል።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ። በዚህ ዓመት አንድ ተማሪዬ ከባሕር ዳር የተሰበረ ኮራል በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አድርጎ «ለገንዳችን» ብሎ አመጣልኝ። ደስ ብሎት ነበር። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ ሕያው እንስሳ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ሲደርስ ሞቶ ነበር። ድቡልቡል ሆነው የሚያድጉት ኮራሎች በዓመት የሚጨምሩት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የልጁ እጅ ላይ የነበረው ቁራጭ ከልጁ ዕድሜ ጋር የሚተካከል ነበር። አልቆጣሁትም፤ ማንም አልነገረውም፤ ልንነግረው የሚገባን እኛ ነበርን።

አብዛኞቻችን ከደጋ የመጣን ቤተሰቦች ነን። ልጆቻችን ባሕሩን በየቀኑ ያዩታል፤ ከውኃው በታች ያለውን ግን አያውቁትም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሻርል ግራቪዬ እ.ኤ.አ. በ1904 እዚህ ድረስ መጥቶ የታጁራ ባሕረ ሰላጤን ኮራሎች አጥንቷል። ከዚህ የሰበሰበውን በፓሪስ ሙዚየም ያየው ሰው ሪፉ አጠገብ ካደጉት ልጆቻችን በላይ ቢያውቀው ሊያስቆጨን ይገባል። የሙሻ ደሴት አካባቢም እ.ኤ.አ. በ1972 በፓርክነት የተከለለው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ኮራሉን ባለበት ሄደን እንየው፤ በገንዳችን ግን አይግባ። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አስፈቅደን፣ ጥቂት ቀንድ አውጣና በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ ሸርጣኖች ይበቁናል። ዓሣ ከገባም አንድ፣ ቢበዛ ሁለት።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት «ወንበር እየጎደለን ስለ ዓሣ ታወራላችሁ?» ብለው ነበር። አባባላቸው ትክክል ነው፤ ወንበሩ ይቅደም። እኔም ከወንበሩ ገንዘብ አልጠይቅም። ነገር ግን ልጆቻችን ስለ ናይትሮጂን ዑደት፣ ስለ ትነት፣ ስለ ሥነ ሕይወት በመጽሐፍ ያነቡና ለፈተና ሸምድደው ይረሱታል። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት በ63 ሊትር ውኃ የሦስት ትምህርት ቤተ ሙከራ ማግኘቱ ቅንጦት አይደለም።

አንድ ነገር ሳላነሣ አላልፍም። የዕረፍቱን ጊዜ በአገራችን ልማድ «ክረምት» እንለዋለን፤ እዚህ ግን ዝናብ እምብዛም የማይጥልበት፣ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ ሐሩር ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ መብራትም አንዳንዴ እየጠፋ፣ ገንዳውን ማን ይጠብቀዋል? ውኃ የሚጨምር፣ መብራት ሲጠፋም በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ የሚያስነሣ ተረኛ ቤተሰብ እስከ ግንቦት ካልተገኘ ዓሣ አይግባ። ይህን ቃል መግባት ካልቻልን ገንዳው በሸርጣንና በቀንድ አውጣም ሳይሆን በድንጋይና በውኃ ብቻ ይቆይ። ነፍስ ያለው ነገር ጠባቂው ሳይታወቅ አይመጣም።

ያቺ ልጅ በሚመጣው መስከረም አራተኛ ክፍል ትገባለች። የገንዳውን የመጀመሪያ መዝገብ እንድትይዝ ልጠይቃት አስቤአለሁ። ከዚያ በፊት ግን ለጥያቄዋ ትክክለኛውን መልስ እሰጣታለሁ፤ እኔ ነኝ፣ አልጠበቅኩም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።