ያለ አገዳ የሚመዘን ማሽላ

በራያ ቆቦ ሜዳ፣ የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በሚጠቀምበት የሙከራ ጣቢያ፣ አዲስ የማሽላ ዝርያ ከነባሩ ጎን ተዘርቶ የሚፈተንበት ሥርዐት በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከብዙ ቦታ ሙከራ በኋላ በጣቢያና በገበሬ ማሳ ተመርምሮ በአገር አቀፉ ዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ ዘንድ ሞገስ ያገኘው ብቻ ስም ይወጣለታል፣ በመዝገብም ይጻፋል። የምነቅፈው ፍርዱ የቆመበትን ሚዛን ነው፤ ይህ ሚዛን ከሁሉ አስቀድሞ በሄክታር የሚታፈሰውን የፍሬ ኩንታል እየቈጠረ አገዳውን እንደ ትርፍ ነገር ይተወዋልና።

የራያ ገበሬ ግን ማሽላ ሲዘራ የሚዘራው እህል ብቻ አይደለም። በሚያዝያ ዝናብ የሚዘራው፣ ብዙ ወራት ቆሞ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጠው ደጋሊት ወይም ጅጉርቴ፣ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ አገዳው በበጋ የበሬው ቀለብ፣ የጓሮው አጥር፣ የጎጆው ክዳን፣ የምድጃው ማገዶ ነው። በሬው በግንቦት ከከሳ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ በማን ትከሻ ይታረሳል? ጎብዬ፣ ሆርማት፣ ግራና የተባሉት ዝርያዎች የዚሁን አገር ስም ይዘው ወጡ፤ የአገሩን አገዳ ግን አልያዙም፤ አጭርና ፈጥኖ ደራሽ በመሆናቸውም ቀድመው ሲያሸቱ የወፍ መንጋ ይሰፍርባቸዋል።

የሚያዝያ ዝናብ ሲቀር በሐምሌ የሚዘራ ፈጥኖ ደራሽ ዘር ቤተ ሰብን ከረሃብ ማዳኑን አልክድም። ጥገኛውን አረም አቀንጭራን የሚቋቋሙት ጎብዬና አብሽር የመነጩበትን ምርምር የመሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቀበሉት የዓለም የምግብ ሽልማት የተገባ ክብር ነው፤ ሥሩን በአቀንጭራ የተመጠጠ የማሽላ ማሳ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም። ነገር ግን ከዚያ 20 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ዶክተር መላኩ ወረደ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የተቀበሉት የገበሬውን ነባር ዘር በገዛ ማሳው፣ በገዛ ምርጫው እንዲጠበቅና እንዲሻሻል ስለደከሙ ነበር። ዓለም ሁለቱንም አክብሮ ሳለ የእኛ የፈተና ሚዛን የአንደኛውን ጥበብ ብቻ ተቀብሎ የሁለተኛውን ከደጅ ማስቀረቱ ያሳዝነኛል።

ዝርያውን ያወጣው ተመራማሪ ራሱ ለፈተና ያቀርበዋል፣ በማዳበሪያ በዳበረና በሚገባ በታረመ መደብ ያሳድገዋል፣ ኮሚቴው መጥቶ ያየዋል፤ ገበሬው አስተያየት ቢጠየቅ እንኳ መመዘኛው ከተወሰነ በኋላ ነው፤ እንጀራውን የምትጋግረው ሴት ደግሞ ከርሱም በኋላ ናት። ስለዚህ የቆቦ ገበሬዎች መመዘኛው ሲቀረጽ ድምፅ ይሰጣቸው፤ አገዳውም ደርቆ በሚዛን ላይ ይውጣ፣ በሬው መብላቱም ይታይ፤ ሙከራው ያለ ማዳበሪያ፣ ጎርፍ በጠጣ የገበሬ ማሳም ይደረግ፤ ውጤቱም ከፍሬው ኩንታል ጋር በአንድ መዝገብ ይጻፍ።