ተፈትጎ ያልታሸገ ሶፍትዌር ለትምህርት ቤት አይሰጥ!

እንደሚታወቀው ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ሩዝ ከማሳ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ለወረታ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ገበሬው ያልተፈተገውን ሩዝ በማዳበሪያ ጭኖ ወደ መፈተጊያ ያደርሳል፤ መፈተጊያው ገለፈቱን ለይቶ ነጩን ያወጣል፤ ነጋዴውም በጆንያ ከትቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጎንደር ይልካል። ሸማቹ ቤት የሚገባው ለድስት የተዘጋጀው ነው። «የለም፣ ሸማቹ ሁሉ ገለፈቱን ተሸክሞ ሄዶ በየቤቱ በሙቀጫ ይውቀጥ» የሚል ቢነሣ ማን ይሰማዋል?

በኮምፒዩተር ክፍሎች ግን ብዙ ጊዜ የሚደረገው ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶፍትዌር ሲጻፍ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ነው፤ ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። ማሽኑ የሚሠራበት ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ ነው። በሊኑክስ የተለመደው መንገድ ሦስት ትእዛዝ ነው፦ «ኮንፊገር»፣ «ሜክ»፣ «ሜክ ኢንስቶል»። ጣጣው ያለው በሦስተኛው ላይ ነው። «ሜክ ኢንስቶል» ፋይሎቹን ወደየቦታቸው ይበትናቸዋል፤ ሲስተሙ ግን በመዝገቡ አያሰፍራቸውም። ሶፍትዌሩ ይሠራል፣ እሰየው! ከዓመት በኋላ ግን «ስሪቱ ስንተኛው ነው? የትኛው ፋይል የእርሱ ነው? እንዴት ይነቀላል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለም። አንዳንዱ የመንቀያ ትእዛዝ ቢኖረውም፣ የተሠራበት የምንጭ ማኅደር ተጠብቆ ካልቆየ ብዙ አይረዳም።

ጥቅል ወይም ፓኬጅ የሚባለው የተፈተገውና የታሸገው ነው። በዴቢያንና በኡቡንቱ «ዴብ»፣ በሬድ ሃትና በፌዶራ «አርፒኤም» ይባላል። በውስጡ ፋይሎቹ ብቻ ሳይሆኑ ስሙ፣ የስሪት ቁጥሩ፣ የሚስማማው የማሽን ዓይነት፣ አብረውት መኖር ያለባቸው ሌሎች ጥቅሎች ሁሉ ተዘርዝረው ይገኛሉ። ሲስተሙ ይመዘግበዋል፤ ስለዚህ በአንድ ትእዛዝ ይገባል፣ በአንድ ትእዛዝ ይወጣል፣ አዲስ ስሪት ሲመጣም አሮጌውን ይተካል።

ይህ ለእኛ ለመምህራን ምን ያደርግልናል? እንመልከት። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ በገጠር ትምህርት ቤት እንመደባለን። በእንዲህ ያለው ቦታ የኮምፒዩተር ክፍሉን ጠባይ የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ አንድ መምህር ነው። እርሱ ከምንጭ እየሠራ የጫነውን በጭንቅላቱ ይዞ በዝውውር ሲሄድ፣ እውቀቱም አብሮት ይሄዳል። ተተኪው አንድ ነገር ሲበላሽበት ያለው ምርጫ ሁሉን አጥፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ተማሪው እስከዚያ ድረስ ጠፍቶ የቆመ ማሽን ሲያይ ይከርማል። ጥቅል ግን መምህሩ ቢሄድም አይሄድም፤ መዝገቡ እዚያው ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት፣ ኢንተርኔትም በሌለበት፣ በፍላሽ ተይዞ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይዞራል።

ለዚህ ምስክር ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የራሳችን ፊደል አለ። ቀድሞ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ለፊደላችን የየራሳቸውን ቁጥር ስለሚሰጡ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ይህ መፍትሔ አገኘ። ነገር ግን ስምምነት ብቻውን ተማሪው ጠረጴዛ ላይ አይደርስም። አቢሲኒካ የተባለው የኤስ አይ ኤል ፊደል «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» በሚል ስም የዴቢያን ጥቅል ሆኗልና በአንድ ትእዛዝ ይገባል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በላቲን ቁልፎች አማርኛ ለመጻፍ ያዘጋጁት «ሴራ» የተባለው ሥርዓትም «ኤም17ኤን» በሚባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። የእነዚህ ሰዎች ድካም እኛ ዘንድ የደረሰው አንድ ሌላ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጠቀለለው ነው። ስሙን የሚያነሣው ግን የለም!

«ከምንጭ መሥራት ያስተምራል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያስተምራል። ሠልጣኝ ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሠርቶ ይየው። ግን የመማሪያው ቦታ የእኛ ቤተ ሙከራ እንጂ ሰባተኛ ክፍል የሚማርበት ማሽን አይደለም። «ጊዜ ይፈጃል» የሚሉም አሉ። አዎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅ ይሆናል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየማሽኑ ያንኑ ከመደጋገም ግን ይሻላል።

ጀማሪ «ቼክኢንስቶል» በተባለው መሣሪያ ሊጀምር ይችላል። በ«ሜክ ኢንስቶል» ፈንታ ሲጠራ የሚጻፉትን ፋይሎች ተከታትሎ ዴብ ወይም አርፒኤም ያወጣል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች ራሱ ለይቶ አያውቅም፤ ይህን ሰው ሊጽፍለት ይገባል። ለራስ ክፍል ይበቃል፤ ለብዙ ትምህርት ቤት የሚታደል ከሆነ ግን ዴቢያን ራሱ በሚጠቀምባቸው መሣሪያዎች በወጉ መጠቅለል ያስፈልጋል።

በመሆኑም የአይ ሲ ቲ ክበባችን ሥራው አድርጎ እንዲይዘው የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ/ በየሴሚስተሩ ለትምህርት የሚጠቅም አንድ ሶፍትዌር መርጦ ይጠቅልል።

2ኛ/ ጥቅሉን ምንም ባልተጫነበት ማሽን ላይ ይሞክር። በሠራው ሰው ማሽን ላይ መሥራቱ ማስረጃ አይሆንም። ለ64 ቢት የተሠራውም በአሮጌው 32 ቢት ላይ እንደማይሄድ አይርሳ።

3ኛ/ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ጥቅሎች አብሮ በፍላሹ ላይ ያኑር። ኢንተርኔት በሌለበት አንዱ ቢጎድል ሁሉም ከንቱ ነው።

4ኛ/ ምንጩን አይጣል። እንደ ጂፒኤል ያሉ ፈቃዶች የተዘጋጀውን የሚሰጥ ምንጩንም እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ነገ ጉድለት ቢገኝ የሚታረመውም ከምንጩ ነው።

5ኛ/ ጥቅል ሲጫን በሲስተሙ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይዞ ነው፤ ስለዚህ ከማይታወቅ እጅ የመጣውን አይቀበል፣ የራሱንም ማን እንደሠራውና መቼ እንደሠራው ይጻፍበት።

ወንድሞችና እኅቶች! መምህር የሚመዘነው እርሱ በክፍሉ ውስጥ ሳለ በሠራው ብቻ አይደለም፤ ከሄደ በኋላ በሚቀረውም ጭምር ነው። በየተመደብንበት የምንተወው ማሽን ለተተኪው እንቆቅልሽ አይሁንበት። ፈትገን፣ አሽገን፣ ስሙን ጽፈን እናስረክብ!