ዓይኗ ከጠራ ይበቃኛል

ለዚህ መጽሔት የተመረጡትን የነፍሳት ፎቶግራፎች ያዩ አንድ ወላጅ «ንቧ ታምራለች፤ ግን ግማሽ አካሏ ለምን ደበዘዘ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

ካሜራ ወደሚነሳው ነገር በቀረበ ቁጥር ጠርቶ የሚታየው ጥልቀት፣ ባለሙያዎች ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ የሚሉት፣ እየሳሳ ይሄዳል። የንቧ ምስል በሴንሰሩ ላይ በራሷ ቁመት ልክ ሲያርፍ፣ አፐርቸሩ ኤፍ 11 ቢሆን እንኳ ጠርቶ የሚወጣው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አፐርቸሩን ማጥበብ ጥልቀቱን ይጨምራል፤ ብርሃን ግን ያሳጣል። ከኤፍ 16 ሲያልፍ ደግሞ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይፈዛል። (የፊዚክስ ተማሪዎች፣ ዲፍራክሽን ለፈተና ብቻ አይደለም!)

ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው፤ እኔ ዓይኗን እመርጣለሁ። ሰው ስናይም ቀድመን የምናየው ዓይኑን ነው። ቢራቢሮ ክንፏን ገጥማ ስታርፍ ግን ካሜራውን ከክንፏ ትይዩ ማድረግ ብቻ ክንፏን ከዳር እስከ ዳር ያጠራዋል።

ፎከስ ስታኪንግ የሚባል ዘዴም አለ። ትኩረቱን ከፊት ወደ ኋላ ጥቂት በጥቂት እያዛወሩ ብዙ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያም በኮምፒውተር ማዋሃድ ነው። ውጤቱ ግሩም ነው፤ አልቃወመውም። ችግሩ የሚነሳው ነፍሳቱ እንዳይንቀሳቀሱ ሲፈለግ ነው። አንዳንድ ልጆች ጢንዚዛን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማደንዘዝን፣ አልፎም ገድሎ በመርፌ መትከልን እንደ ዘዴ ከኢንተርኔት ቀስመዋል። ለምርምር የሚሰበሰብ ናሙና የራሱ ምክንያት አለው። ለመጽሔት ገጽ ሲባል መግደልን ግን በዚህ ግቢ አልፈቅድም፤ ፎቶው የቱንም ያህል ቢጠራ።

ደግሞም አያስፈልግም። የነፍሳት የአካል ሙቀት ከአየሩ ጋር ስለሚወርድ በናይሮቢ የሐምሌ ማለዳ ብዙዎቹ ፈዘው ቅጠል ላይ ያድራሉ። ያን ጊዜ ክርንን ጉልበት ላይ አስደግፎ፣ የሌንሱን ቀለበት ሳይነኩ ገላን በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ እያሉ፣ ዓይኗ ስትጠራ መጫን ነው። ከሃያ አንዱ ቢሳካ ጥሩ ነው።

ከመጪው ዓመት ጀምሮ መጽሔቱ የሚቀበለው በሕይወት ያለና ካረፈበት ያልተነሳ ነፍሳት ፎቶ ብቻ ነው። ወላጆች ሆይ፣ የክበቡን ልጆች አርብ አርብ ከ12፡30 ጀምሮ ብታደርሱልን በቂ ጊዜ ያገኛሉ። በሩ እንዲከፈትላቸው ለጥበቃው ነግሬያለሁ።