የምድር ቤት መስኮት በ4ኛ ፎቅ

የቡና ሙቀጫ ቡና መውቀጫ እንጂ የመስኮት መደገፊያ አይደለችም። ይህን ለመረዳት የሳሎናችን ወለል አንድ ሴራሚክ መሰበር ነበረበት።

የምንኖረው መስቀል ፍላወር፣ በኪራይ አፓርታማ 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱን ልናይ የመጣን ቀን እኔንም ባለቤቴንም ያሸነፈን የሳሎኑ መስኮት ነበር። እንደ ቁም ሣጥን በር ወደ ውጭ የሚከፈቱ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ክንፎች አሉት። ወለል ብለው ሲከፈቱ ቤቱ በብርሃንና በአየር ይሞላል። ከገባን በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ ክንፎቹ ከተከፈቱ በኋላ የሚይዛቸው የለም። ነፋስ ሲመጣ ሄደው ይመለሳሉ፣ ከፍሬሙ ጋር ይላተማሉ። «አንድ ቀን እናሠራዋለን» እያልን ከረምን።

ያ «አንድ ቀን» የመጣው በየካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። እናቴ እንደ ልማዷ «ቤቱ ይተንፍስ» ብላ ሁለቱንም ክንፎች ከፈተቻቸው። አንደኛውን በመጋረጃ ማሰሪያ አሰረችው። ሁለተኛው እንዳይመለስ የቡና ሙቀጫዋን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችና ወጥ ቤት ገባች። ብዙም አልቆየ፤ አቧራ ያዘለ ነፋስ መጣ። ክንፉ ተመልሶ ሙቀጫዋን መታት፤ ሙቀጫዋ ወደ ውስጥ ተወርውራ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሮጬ ስደርስ ሴራሚኩ ተሰንጥቋል። ሙቀጫዋ ደህና ናት። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት ልጄም ደህና ናት። የቆመችው ግን ከተሰነጠቀው ሴራሚክ ሁለት እርምጃ ርቃ ነው፤ በሁለት እጇ የፕላስቲክ በርጩማዋን ወደ መስኮቱ እየጎተተች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ውሻውን ላየው» አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ሙቀጫዋ አይደለችም፤ በርጩማዋ ናት።

ከካዛንቺስ የመጣ ልማድ

እናቴን መውቀስ አልቻልኩም። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ካዛንቺስ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ነው፤ «ካዛ» በጣሊያንኛ ቤት ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ደግሞ ቤቶቹን ያሠራው መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል ነው። የእኛ ቤት ግን ከእነዚያ አንዱ አልነበረም፤ ግቢ ውስጥ ያለ የጭቃ ቤት ነው። መስኮቱ ሁለት የእንጨት ክንፎች ነበሩት። ሲከፈቱ እስከ ውጭው ግድግዳ ድረስ ይሄዳሉ፤ እዚያ ምስማር ላይ የምትያዝ ትንሽ የብረት መንጠቆ ትጠብቃቸዋለች። መንጠቆዋ ከተያዘች የመጋቢት ነፋስም አያንቀሳቅሳቸውም።

በዚያ መስኮት በኩል ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ ወንፊት ይዋሳል፣ ወሬ ይለዋወጣል። እኛ ልጆች ደግሞ በሩ ሩቅ ይመስል በመስኮቱ እንዘል ነበር። ትልቁ አደጋ የተላጠ ጉልበት ነው። እናቴ ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲነሣ ወደ እኛ ስትመጣ ዕቃዋን ብቻ አይደለም ያመጣችው፤ የመስኮት ልማዷንም ይዛ ነው የመጣችው።

ይህ የእናቴ ታሪክ ብቻ አይመስለኝም። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ኮንዶሚኒየሞች በየአቅጣጫው ሲነሡ፣ እዚህ አጠገባችን ጎተራን ጨምሮ፣ ስንቱ ቤተሰብ ከግቢ ወደ ፎቅ ወጣ! ፎቁን ለመድነው። መስኮት የምንከፍተው ግን ዛሬም ከታች ግቢ እንዳለ አድርገን ነው። የሚያስገርመው፣ የጭቃ ቤታችን መስኮት የነበራት መንጠቆ በ4ኛ ፎቁ መስኮታችን ላይ አለመኖሩ ነው።

«ይዘጋል እንጂ አይያዝም»

ሰኞ ዕለት ጎረቤቴ የጠቆመችኝ በያጅ መጡ። በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ያዩት ማጠፊያውን አልነበረም። ክንፉን እስከ ግማሽ ከፈቱና የውጭ ጫፉን ይዘው ወደ ላይ ነቅነቅ አደረጉት። ጫፉ ከፍ ዝቅ አለ።

«አየሽ እህቴ» አሉኝ፣ «በር ሲወርድ ወለል ይነካና ያስታውቃል። መስኮት ግን ከታቹ አየር ነው፤ መውረዱን የምታውቂው ሲገነጠል ነው።»

«ታዲያ እጀታው ደህና ነው እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«እጀታ የሚሠራው ሲዘጋ ነው። ይህ መስኮት ይዘጋል እንጂ አይያዝም።»

ከዚያ ሂሳቡን አብረን ሠራን። እናንተም በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ይመዝናል። የእኛ መስታወት 6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ይሆናል። ክንፉ 1 ሜትር በ1.20 ሜትር ስለሆነ መስታወቱ ብቻ 18 ኪሎ ነው፤ ብረቱ ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ጎን ባሉ ሁለት ማጠፊያዎች ላይ ነው።

ስፋት የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ ከሚመስለን በላይ ነው። ቁመቱ ሳይለወጥ የክንፉ ስፋት እጥፍ ቢሆን ክብደቱ እጥፍ ይሆናል፤ ክብደቱ ከማጠፊያው የሚርቅበት ርቀትም እጥፍ ይሆናል። በዚህም ማጠፊያውን የሚነቅለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ነፋሱም እንዲሁ ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ያገኘውን አንድ ካሬ ሜትር በ6 ኪሎ ሸክም ልክ ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሰፊ መስኮት ሲያምር በነፃ አይደለም፤ የሚይዘው ክንድ ይፈልጋል።

አራት ዓይነት ክንዶች

የመስኮት ክንፍን የሚከፍቱ፣ የሚይዙና የሚመልሱ መሣሪያዎች ብዙ ናቸው። ቤት ለምትሠሩም ሆነ ለምታሳድሱ ዋናዎቹን በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ።

ባለ ቀዳዳው ብረት። ከሁሉም ቀላሉ ነው። አንድ ጫፉ ክንፉ ላይ የታሰረ፣ ቀዳዳዎች ያሉት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ቀዳዳውን ፍሬሙ ላይ ባለው ጉጥ ላይ ስታስቀምጡት ክንፉ በዚያው ልክ ይቆማል። ማንኛውም ጎበዝ በያጅ ይሠራዋል። ድክመቱ፣ አዋቂ የሚያነሣውን ልጅም ማንሣቱ ነው፤ ስለዚህ መቆለፊያ ያስፈልገዋል።

የሰበቃ ክንድ። በአሉሚኒየም መስኮቶች ላይ፣ በክንፉ ጠርዝ ላይና ታች ተደብቆ የሚገኝ ተጣጣፊ ብረት ነው። ክንፉን በሰበቃ ስለሚይዘው የተዉበት ቦታ ይቆማል። አንዳንዱ ዓይነት ክንፉ ሲከፈት በማጠፊያው በኩልም ክፍተት ይፈጥራል፤ በዚያ እጅ አስገብቶ የውጭውን መስታወት መወልወል ይቻላል። በጊዜ ብዛት ሲላላ የሚጠብቅ ብሎን ያለው አለ። ስትገዙ የክንፋችሁን ስፋትና ክብደት ተናገሩ፤ ለትንሽ መስኮት የተሠራ ክንድ ሰፊውን አይችልም።

ባለ ጠምዛዣው። አሜሪካና ካናዳ ያሉ ዘመዶቻችን በደንብ ያውቁታል። ትንሽ እጀታ ሲጠመዘዝ ጥርሶቹ ክንዱን እየገፉ ክንፉን ቀስ አድርገው ይከፍቱታል። ጥቅሙ፣ እጅ ጥርሶቹን ማዞር ቢችልም ነፋስ ክንፉን ገፍቶ መልሶ ሊያዞራቸው አለመቻሉ ነው። እጀታው ተነቅሎ ከፍ ያለ ቦታ ከተቀመጠ ልጅ አይከፍተውም።

ባለ ሁለት አከፋፈቱ። በጀርመን ቤቶች የተለመደ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት ነው። እጀታው ወደ ታች ሲሆን ዝግ ነው፤ ወደ ጎን ሲሆን እንደ በር ይከፈታል፤ ወደ ላይ ሲሆን ከላይ በኩል ብቻ ጥቂት ጋደል ይላል። አየር ይገባል፣ ሰው አይወጣም። ወደ ውስጥ ስለሚከፈት ግን መጋረጃና የቤት ዕቃ እንዳይጋረጡበት ቀድሞ ማሰብ ያሻል።

10 ሴንቲ ሜትር

ወደ በርጩማዋ ልመለስ። የሦስት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ከቀረው ሰውነት ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ ወደ ፊት ሲያዘነብል ሰውነቱ ይከተለዋል። ስለዚህ «ተነግሯታል፣ ታውቃለች» ማለት ብቻውን አይበቃም።

ይህን ከሁሉ በፊት ተምረው እርምጃ ከወሰዱት አንዷ ኒውዮርክ ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 የከተማዋ ጤና መሥሪያ ቤት «ልጆች መብረር አይችሉም» የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ ሕፃናት ላሏቸው ቤተሰቦችም የመስኮት መከላከያ ብረት በነፃ አደለ። ብሮንክስ በተባለው ክፍለ ከተማ በሁለት ዓመት ውስጥ የተመዘገበው የመውደቅ አደጋ በግማሽ ቀነሰ። በ1976 ዕድሜው ከ10 ዓመት ያልበለጠ ልጅ ባለበት አፓርታማ አከራዩ መከላከያ እንዲያስገባ የሚያስገድድ ደንብ ወጣ። ያም ሆኖ በ1991 የታዋቂው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን የአራት ዓመት ልጅ በዚያችው ከተማ፣ ክፍት በቀረ የ53ኛ ፎቅ መስኮት ወድቆ ሞተ። ገንዘብ ቢኖርም ባይኖርም የተከፈተ መስኮት ልዩነት አያውቅም።

ትናንሽ ልጆች ባሉበት ቤት በብሪታንያም በአሜሪካም የሚመከረው ልክ አንድ ነው፤ መስኮቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈት። በዚያ ክፍተት አየር በደንብ ይገባል፣ የልጅ ሰውነት ግን አያልፍም። የወባ ትንኝ መረብን አትመኑ፤ ትንኝ እንጂ ልጅ አይይዝም። የብረት ፍርግርግ የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ እሳት ቢነሣ መስኮቱ መውጫ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ቀዳዳ

አከራያችን ደውዬላቸው ፈቀዱ። ጋሼ ለእያንዳንዱ ክንፍ ሦስተኛ ማጠፊያ ጨመሩ፤ የወረደውንም አቀኑት። ከዚያ ባለ ቀዳዳ ብረት ሠሩ፤ ግን ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው። የመጀመሪያው ክንፉን 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያቆመዋል። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይይዘዋል። ጉጡ ላይ ትንሽ ቁልፍ ይገባል።

«አንዷ ቀዳዳ ለልጅቷ» አሉ፣ «አንዷ ለእማማ።»

እናንተም ዛሬ ማታ ራት ሳይቀርብ አንድ ዙር ቤታችሁን እዩ፦

• ክንፉን ከፍታችሁ የውጭ ጫፉን ወደ ላይ ነቅነቅ አድርጉት። ከፍ ዝቅ ካለ ማጠፊያው ይታይ።

• ክንፉን ግማሽ ላይ ልቀቁት። ባለበት ካልቆመ የሚይዘው የለም ማለት ነው።

• ከመስኮቱ ሥር ያለውን ሶፋ፣ አልጋና በርጩማ አርቁ።

• የመስኮቱ ደፍ ላይ የአበባ ማሰሮም ሆነ ሌላ ዕቃ አታኑሩ። ከታች ሰው ያልፋል።

• የጎደለ ብሎን ካለ አስገቡ፤ ማጠፊያውን ከአቧራ ጠርጋችሁ ጥቂት የስፌት መኪና ዘይት አጠጡት። ክረምት ሲገባና ሲወጣ ድገሙት።

እናቴ መጀመሪያ ቀን ቅር ብሏት ነበር። «መስኮቱን አሰራችሁት» አለች። ቁልፉን ግን የሰጠነው ለእሷ ነው፤ በአንገቷ ካለው ማተብ ጋር አስራዋለች። ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትፈታውና ሁለቱንም ክንፎች ወለል አድርጋ ትከፍታለች፤ ሁለተኛዋ ቀዳዳ ላይ ታስራቸውና ክርኗን ደፉ ላይ አድርጋ የመስቀል ፍላወርን መንገድ ታያለች። ስምንት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ መኪና ከታች ጡሩምባ ሲነፋ ወደ አንደኛዋ ቀዳዳ ትመልሳቸዋለች። ልጄ ደግሞ በጠባቡ ክፍተት በኩል ውሻውን ትጠራዋለች፤ አንዳንዴ ይመልስላታል።

ሙቀጫዋም ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።