ተዘቅዝቆ የሚጓዝ አውራ ዶሮ

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ለማታለል የሚደክም እንኳ የለም። ሁለት እግሯን በልጥ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ክር ጠፍሮ፣ ራሷን ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ ከአምስት ከስድስት መሰሎቿ ጋር በአንድ በትር አንጠልጥሎ ወደ ገበያ መንጎድ ነው። ጉንደ ወይን ገበያ ላይ የተገዛች ዶሮ ደብረ ወርቅን፣ ቢቸናንና ደጀንን አልፋ፣ ዓባይን ተሻግራ አዲስ አበባ እስክትገባ ድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ትጓዛለች። ከዚህ ሁሉ መንገድ በእግሯ ቆማ የምትሄደው ምን ያህሉን ነው? ብዙውን ጊዜ አንዱንም አይደለም።

እኔ ይህ አድራጎት ነውር ነው እላለሁ። «ለዶሮ ደግሞ! ዞሮ ዞሮ ለካራ አይደለችም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሠኝ። የዶሮዋ ሥቃይ አንድ ነገር ሆኖ፣ በዚሁ ጉዞ የባለ ዶሮዋ እናት ገንዘብ፣ የከተሜዋ ወይዘሮ ድስት፣ የመንደሩም ዶሮ ሁሉ ጤና አብሮ ተዘቅዝቋል።

አውራ ዶሮ ምን ያህል እንደሚከበር ገበያተኛ ያውቀዋል። በባሕር ማዶ ዶሮና ጥንቸል ለትርዒት እያቀረቡ አወዳድረው የሚሸልሙ ማኅበራት አሉ። እኛ ዘንድ ትርዒቱ ገበያው ነው፤ ዳኛው ገዢው፣ ሽልማቱም ብሩ ነው። ገዢ አውራ ዶሮ ሲያነሣ ደረቱን ይዳብሳል፤ ክንፉን ይገልጣል፤ ላባውን ያያል፤ ኩክኒው ድርብ ይሁን ነጠላ ይመረምራል። ቀዩና ነጩ፣ በተለይም ድርብ ኩክኒ ያለው፣ ብልጫ ያወጣል። ጥቁሩ ዋጋው ዝቅ ይላል። ገብስማና ወሰራ ፈልጎ መንደር ለመንደር የሚዞርም አይጠፋም፤ ለምን እንደሚፈልገው አንባቢ ያውቃል። እንግዲህ በመልኩ የሚሸጥ ፍጡር ነው። መልኩ የሚሸጠውን ዕቃ ጭራውን አፈር ለአፈር እየጎተቱ የሚያጓጉዝ ነጋዴ ምን ዓይነት ነጋዴ ይባላል? ሸማኔ ጥበቡን አጥፎ፣ ጠቅልሎ፣ በነጠላ ሸፍኖ ነው ገበያ የሚያወጣው። አውራ ዶሮው ግን ከጉንደ ወይን ሲነሣ እንደ እሳት የሚነድ ላባ ለብሶ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ ጭራው ተሰብሮ፣ ኩክኒው ጠቁሮ፣ በጓደኞቹ ኩስ ተለውሶ ይወርዳል።

ኪሳራው ደግሞ ሜዳ ላይ አይቀርም። ነጋዴው በመንገድ የሚሞትበትንና የሚሰበርበትን አስቀድሞ አስልቶ፣ ያንኑ ከመግዣው ላይ ይቀንሳል። የሚቀንሰውም ከማን ላይ ነው? በገጠራችን ዶሮ በአብዛኛው የሴቷ ሀብት ነው። በሬው የባልየው፣ ጤፉም የቤቱ ሆኖ፣ ለጨው፣ ለቡና፣ ለልጅ ደብተር የሚሆነው ሳንቲም ከዶሮና ከእንቁላል ይወጣል። በመንገድ የሞተው ዶሮ ዕዳ ዞሮ ዞሮ በዚህች እናት መቀነት ላይ ያርፋል። እሷ ጎጆዋ ውስጥ ቆጥ ሠርታ፣ ጭልፊትና ሸለመጥማጥ ጠብቃ ያሳደገችውን ነው ሌላው በአንድ ቀን የሚያጠፋው።

አካሉንም እንመልከት። ዶሮ እንደ ሰው ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ የላትም። ስትዘቀዘቅ ሆድ ዕቃዋ ወደ ደረቷ ወርዶ የአየር ከረጢቶቿን ይጫናል፤ ትንፋሿ ያጥራል። ላብ የሚባል ነገርም የላትም። ሲሞቃት አፏን ከፍታ በማለክለክ ነው የምትበርደው። ይህችኑ ፍጡር ከምሥራቅ ጎጃም ደጋ አንሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ማውረድ ማለት ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ማውረድ ነው። በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ተሽከርካሪውን ከአሮጌው ጠባብ ድልድይ ገላግሎታል። ሙቀቱን ግን ማንም አላነሣውም። ዓባይን ተሻግሮ ከቆመ አውቶቡስ ጣሪያ ዶሮ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ረዳቱ እንደ ሽንኩርት እስር እየወረወረ ያቀብላል፤ ከታች ያለው ይቀልባል። ሦስቱ ሞተው ነበር። «የበረሃው ነው» አለ ባለቤቱ፣ ስለ ዝናብ እንደሚናገር ሰው። በረሃው ምን ያድርግ? በረሃው ዶሮ አላሰረም።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደግሞ መከራው ብሷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ሰውም ዶሮም በየኬላው ሲያድር ታይቷል። ሰው ውሃ ጠይቆ ይጠጣል። የታሰረ ዶሮ ምን ብሎ ይጠይቃል?

አሁን ደግሞ ሌላውን ተጓዥ ዶሮ ላሳያችሁ። ለእርባታ የሚሆኑ የቦቫንስ ብራውንና የሳሶ ዝርያ ወላጅ ጫጩቶች ከአውሮፓ በአውሮፕላን ይመጣሉ። እነዚህ የአንድ ቀን ጫጩቶች ጎንና ጎኑ በተበሳ፣ በአራት ክፍል በተከፈለ፣ አንድ መቶ ያህል በሚይዝ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ጫጩት ከእንቁላሉ የተረፈውን አስኳል በሆዷ ይዛ ስለምትወጣ እስከ ሦስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውሃ ልትቆይ ትችላለች። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ የሚባለው፣ ይህንን ተመርኩዞ ከተፈለፈሉ በ72 ሰዓት ውስጥ ካሰቡበት እንዲደርሱ ይደነግጋል። ለሌላውም እንስሳ ቢሆን መያዣው እንደ ተፈጥሮው ቆሞ ለመጓዝ የሚበቃ እንዲሆን ደንቡ ያዝዛል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት እንኳ የአንድ ቀን ጫጩት እንደ ደብዳቤ ተቀብሎ ማድረስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1918 ነው።

በደሴቶች ላይ የሚኖሩ ዶሮና ጥንቸል አርቢዎች ከደሴት ወደ ደሴት ለትርዒት በአውሮፕላን ሲሄዱ የሚያሰሙት እሮሮ አለ። ሣጥኑ ልኩ አይደለም፣ የእንስሳት ሐኪም ወረቀት ጎደለ፣ ዛሬ ሙቀቱ በዝቷልና አንጭንም ይባላሉ። ይህን ስሰማ የምቀናው በምሬታቸው ነው። እነሱ «አንጭንም» የሚላቸው አገኙ። ከሞጣ እስከ አዲስ አበባ ባለው መንገድ «እንዲህ አድርገህ ካመጣኸውስ አልጭንልህም» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ስንት ነፍስ በዳነ! ሞጣም ቢሆን በዳኮታው ዘመን አውሮፕላን ያርፍባት የነበረች ከተማ ናት። በአየር የሄደ ዕቃ በልክና በሥርዓት እንደሚጫን ያገሩ ሰው አይቷል። ሥርዓቱን ለዶሮ ማውረዱ ነው የቀረው።

ፈረንጅ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው የእንስሳት ማጓጓዣ ደንብ እንስሳን በእግሩ ማንሣትን ይከለክላል። በትልልቆቹ እርባታዎች ግን ሠራተኛው ዛሬም በአንድ እጁ ብዙ ዶሮ ዘቅዝቆ ሲያነሣ ይታያል። እኛም ብንሆን ሕግ አላጣንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። በዚህ ሕግ ዶሮ ዘቅዝቆ የተቀጣ ሰው ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ።

«ሰው ሳይመቸው ለዶሮ?» የሚለው መከራከሪያ ብርቱ ነው። ከሞጣ ሩቅ ያልሆነው ሰባራ ድልድይ ለዚህ ምስክር ይጠራል። ያ የጎንደር ዘመን ድልድይ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከተሰበረ በኋላ፣ የጎጃምና የበጌምድር ሰው ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በሰው ጉልበት እየተሳበ ገደሉን ሲሻገር ኖረ። ታዲያ ራሱ በገመድ የተሻገረ ሕዝብ ለዶሮ ቅርጫት ይሥራ ይባላል? አዎን፣ ይባላል። ሰባራ ድልድይ የተሻሻለው ያንን አሻጋገር አይቶ «ይህስ ትክክል አይደለም» የሚል ሰው በመነሣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠገነ፤ ጎርፍ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ። «ድሮም እንዲህ ነው» የሚለውን ቃል የተቀበለ ሰው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ በገመዱ ላይ ነበርን። ደግሞም ዶሮን ቀና አድርጎ መጫን ከሰው የሚቀማው ነገር ምንድን ነው?

ፈንግልን የዘነጋም አለ። ይህ በሽታ ገብቶ በሳምንት ውስጥ የመንደሩን ቆጥ ባዶ ሲያስቀር ያላየ ባላገር የለም። ከየቤቱ የተለቀመ ዶሮ ተፋጭቶ፣ ኩሱና ትንፋሹ ተደባልቆ ሲጓዝ በሽታው አብሮ ይጓዛል። ሳይሸጥ የቀረው ወደ ቤት ሲመለስ ደግሞ በሽታውን ይዞ ይመለሳል። በአንድ በኩል ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን አንዳሳን የመሰለ ማዕከል ጫጩት እያባዛ ለገበሬ ያከፋፍላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «የሌማት ትሩፋት» ተብሎ ጫጩት በየወረዳው ይታደላል። በሌላ በኩል ያው ዶሮ አድጎ ለገበያ ሲወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስንት ጫጩት እንደታደለ በየስብሰባው እንሰማለን። ከታደለው ውስጥ ስንቱ በጤናው ገበያ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ማሳደጉን ሥራ ብለን፣ ማድረሱን ዕድል አድርገነዋል።

የከተማዋ ወይዘሮስ? አውራ ዶሮውን ከዓሥራ ሁለት ብልት ታወጣለች። አጥንት ሳትሰብር በመገጣጠሚያው መለየት የባልትና ክብሯ ነው። በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥበዋለች፤ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ እጇ አያርፍም። እንዲህ የምትጠነቀቅለት ታፋ ግን አስቀድሞ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተሰብሮ፣ ደም ቋጥሮ፣ በልዞ የመጣ ነው። ከሞተ በኋላ ለሚደረግለት ክብር ሩቡን እንኳ በሕይወቱ ሳለ ብንሰጠው ወጡም ይጣፍጥ ነበር። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የሚባለው ለልብስ ብቻ ይመስላታል?

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም፤ ዕርዳታ ሰጪም አያስፈልገውም። ጎጃም የቀርከሃ አገር ነው። የእንጅባራ ሰው ከቀርከሃ ወንበርና አልጋ ይሠራል። ዓሥር ዶሮ ቀና ብሎ የሚቆምበት፣ አየር የሚያስገባ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረብ ቅርጫት መሥራት ለዚህ እጅ ምን ይከብደዋል? ቅርጫቱ ተመላሽ ይሁን፤ የነጋዴው ሀብት ይሁን፤ ታጥቦ ፀሐይ ይሙቅ። ረዳቱ የጭነት ዋጋውን በዶሮ ቁጥር መቀበሉን ትቶ በቅርጫት ይቀበል። ያን ጊዜ ነጋዴው ለቅርጫት የሚያወጣው ገንዘብ አይቆጨውም። በገበያ በር ቆሞ ቀረጥ የሚቀበለው ማዘጋጃ ቤት ለዶሮ ተራው አንድ ዳስና አንድ ገንዳ ውሃ ያቁም፤ ስለ ቀረጡ ምላሽ እሱ ነው። ጉዞውም ከተቻለ በሌሊት ይሁን፤ የዓባይን በረሃ ፀሐይ ሳይወጣ ማለፍ ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ኃይል ያለው ግን የገዢው እጅ ነው። ለፋሲካም ሆነ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ተራ የምትወርዱ ሁሉ ደረቱን ከመዳበሳችሁ በፊት እግሩን እዩ። ክር የቆረጠው፣ ያበጠ፣ ቁሙ ሲባል የማይቆም ከሆነ መልሱት፤ ለምን እንደመለሳችሁትም ለነጋዴው ንገሩት። አንዱ ገዢ ሲመልስ ይስቃል፤ አምስተኛው ሲመልስ ያስባል፤ ዓሥረኛው ሲመልስ ቅርጫት ይገዛል።