ስለ አቀንጭራና ስለ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ጥናት

ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቆላ በሚወርደው አገር አቀንጭራ ማሽላውን ሲያጠቃ፥ አረሙ ይነቀል ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም፤ አበባው ከምድር በላይ ሲታይ፥ ሥሩ የማሽላውን ሥር ይዞ ውሃውንና ምግቡን መጥባት ከጀመረ ሰንብቷልና።

የነገሩ ምሥጢር በፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ጽሑፎች ተገልጦ ይገኛል። እርሳቸው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ተመርቀው፥ ኋላም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዚያው መምህር ሆኑ። የአቀንጭራ ዘር ከማሽላ ሥር የሚወጣ ቅመም እስኪደርሰው ድረስ በአፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። ይህን ቅመም እጅግ ጥቂት አድርጎ የሚያወጣ ማሽላ እንዳለ፥ ጠባዩም በአንድ ዘረ መል እንደሚወረስ፥ ከባዮኬሚስቱ ከላሪ በትለር ጋራ ሆነው በ1996 አሳተሙ። ከዚህም ሥራ ጎብዬና አብሽር የተባሉት ማሽላዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ ደረሱ። በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማት የተሰጣቸው በማሽላ ሥራቸው ነው።

ነገር ግን እነዚህ ማሽላዎች ቁመታቸው አጭር ነው። የሐረርጌ ገበሬ ከፍሬው ሌላ አገዳውን ለከብቱና ለማገዶ ይሻዋልና፥ አልዘራም ቢል ስንፍና ሊባልበት አይገባም። ሹማምንት ይህ ጠባይ ከረጅሙ ከአገሩ ማሽላ ጋራ እንዲዳቀል ምሁራንን አጥብቀው ይጠይቁ፤ ዓለማያም ዛሬ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በጎረቤት አለ። እስከዚያው አጭሩን ዘር በጥቂት መሬት ማስሞከር፥ አቀንጭራውንም ዘር ሳይጥል ማስነቀል ይቻላል።