ቤንዚንም መብራትም የምትበላዋ ቅንጡ መኪና፤ «ፈርምልኝ» አለኝ!

ዛሬ ስለ ሹም ሽር አልጽፍም። ስለ ስብሰባና ስለ መግለጫም አልጽፍም። ስለ አንዲት መኪና ነው የምጽፈው። «አሁን ይሄ የጋዜጣ ጉዳይ ነው?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ። በዚህ አገር የመኪና ነገር ዞሮ ዞሮ ከመንግሥት ደጃፍ አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድም ጋሼ (ታላቄ ነው፤ በ14 ዓመት ይበልጠኛል) መርካቶ የጨርቅ ሱቅ አለው። አባታችን ትቶልን ያለፈውን ቤት ሸጠን ስንካፈል የእሱም የእኔም ድርሻ ባንክ ገባ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ወንድም ጋሼ «ገንዘቤ ባንክ ቁጭ ብላ እንደ ቅቤ ቀለጠች!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። አንድ ሰሞን ወርቅ አለ። አንድ ሰሞን መሬት አለ። አሁን መኪና ብሏል።

ቪትዝ ወይም ኮሮላ ቢል ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። እሱ ያለው ግን ቢ ኤም ደብልዩ ኤክስ 5 ነው፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የ2021 ሞዴል፣ ከነዳጅ እገዳው በፊት የገባች፣ በቤንዚንም በመብራትም የምትሄድ «ፕለግ ኢን ሀይብሪድ» የሚሏት ዓይነት። ዋጋዋን አልጽፍም፤ ጋዜጣውን እናታችን ታስነብበዋለች። የጎደለውን ደግሞ ሊበደር ነው። «ያንተን ድርሻ መያዣ አድርገህ ፈርምልኝ» አለኝ። እኔ እንግዲህ በጽሑፍ እየተከፈለኝ የምኖር ሰው ነኝ፤ ከዚያች ድርሻ ሌላ የለኝም።

መኪናዋን ሄጄ አየኋት። መዋሸት አልችልም፣ ታምራለች። ወንበሯ ቡናማ ቆዳ ነው። በሯ ሲዘጋ እንደ ካዝና «ድም!» ይላል። ደላላው ቁልፉን ተጫነና ያለ አንዳች ድምፅ ተንቀሳቀሰች። ወንድም ጋሼ ዞር ብሎ አየኝ። ያንን አስተያየቱን አውቀዋለሁ፤ መጨረሻ ያየሁት ሚስቱን ያጫት ጊዜ ነው።

ደላላው «የጀርመን ንፁህ ዕቃ ነች» እያለ ይምላል ይገዘታል። የሻንሲ ቁጥሯን አነበብኩት፤ በ5 ይጀምራል። በ5 የሚጀምር የአሜሪካ ሥራ ነው። ኤክስ 5 ከመጀመሪያው፣ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ የምትሠራው አሜሪካ፣ ደቡብ ካሮላይና፣ ስፓርታንበርግ ውስጥ ነው። ስሟ የጀርመን፣ ትውልዷ የአሜሪካ፣ መንገዷ በዱባይ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። ግን ትውልዷን የማያውቅ ደላላ ሕመሟን ከየት አባቱ ያውቃል?

እስቲ ስለ አሠራሯ ትንሽ እንነጋገር፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 3 ሊትር የቤንዚን ሞተር አላት። ከሱ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር አለ፤ ከሆዷ ሥር ደግሞ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚል ባትሪ ተሸክማለች። ማታ ሶኬት ላይ ትሰካለች። ጠዋት፣ በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ቤንዚን ትሄዳለች። ባትሪው ሲያልቅ ቤንዚኑ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ ግሩም ነው። ወንድም ጋሼ ከአያት መርካቶ ደርሶ ለመመለስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚነዳው። በወረቀት ላይ ካየነው መኪናዋ ለእሱ የተሠራች ትመስላለች!

ግን ያልተሰካች ዕለትስ? 2 ቶን ተኩል ገደማ የምትመዝን ፍጡር ናት። ባትሪዋ ባዶ ሲሆን ያንን ሁሉ ክብደት ቤንዚኑ ብቻውን ይጎትታል። በዚያው በአሜሪካኖቹ መለኪያ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ያህል ትጠጣለች። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ባለው መጨናነቅ ስንት እንደምትጠጣ እንግዲህ ነዳጅ ቀጂው ይንገረን።

ደላላው ግን «2 ሊትር እንኳ አትጨርስም» ነው የሚለው። ይህ ከኪሱ ያወጣው ውሸት አይደለም፤ ከአውሮፓ ላቦራቶሪ የወጣ ቁጥር ነው። መንገድ ላይ ያለው እውነት ሌላ ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት እነዚህ መኪኖች መንገድ ላይ የሚለቁት ጭስ በላቦራቶሪ ከተጻፈው በአማካይ 3 ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰው አይሰካቸውም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በግል ገንዘቡ የሚነዳው ሰው በ100 ኪሎ ሜትር ከ4 ሊትር ትንሽ ከፍ ሲል፣ የኩባንያ መኪና የሚነዳው ግን ወደ 8 ሊትር ይጠጋል ብሏል። ቤንዚኑን መሥሪያ ቤት የሚከፍልለት ሰው ገመዱን ከኮፈኑ አያወጣማ! ይህን ሳነብ የእኛዎቹ ባለ ቪ 8ቶች ትዝ አሉኝ። ለሕዝቡ «ኤሌክትሪክ ንዳ» እያሉ የሚመክሩት ከየትኛው መኪና ላይ ወርደው ነው? ይህንን አንባቢ ይፍረድ።

ወደ ወንድም ጋሼ እንመለስ። እሱ ይሰካታል ወይ? የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። መኪና የሚቆመው ሜዳ ላይ፣ ጥበቃው ዛፍ ሥር ነው። «የት ነው የምትሰካት?» አልኩት። «በመስኮት ገመድ አወርዳለሁ» አለኝ። ከምሩ ነው! አራት ፎቅ ሙሉ፣ ልብስ የተሰጣበትን ሁሉ አልፎ፣ ዝናብ እየመታው፣ ሕፃናት ኳስ በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ገመድ። ከተራ ሶኬት ለመሙላት ደግሞ አንድ ሙሉ ሌሊት ይፈልጋል። ፈጣን ቻርጀር ያለበት ቦታ እወስዳታለሁ እንዳይል መኪናዋ ፈጣኑን አትቀበልም፤ ከ3.7 ኪሎ ዋት በላይ አትጎርስም። ከተማችን ውስጥ በብዛት የገቡት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች የሚጠቀሙበት መሰኪያም ከአሜሪካው ጋር አይገጥምም።

የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ደስ ብሎናል፣ የእኛም ላብ አለበትና። ግን መብራቱ ከጉባ ድረስ መጥቶ ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር መውረድ አቃተው። የነዳጅ መኪና አይግባ ሲባል ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖረው ሕዝብ የት ይሰካል ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን ነበር? ለባለ ቪላው ችግር የለም። ግቢ አለው፣ የራሱ ቆጣሪ አለው፣ ዘበኛ አለው። ሕጉ የወጣው በሩን ከውስጥ ለሚዘጋ ሰው ነው።

ስለ ነዳጅ ወረፋ ካነሣን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሳቄን ያመጣው ይሄ ነው። የዚህች መኪና የቤንዚን ታንክ ታፍኖ የሚቀመጥ ነው። ከመቅዳትህ በፊት ውስጥ ያለውን ቁልፍ ትጫናለህ፤ ታንኩ ግፊቱን እስኪያስተነፍስ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ነው ክዳኑ የሚከፈተው። ሰዓታት ተሰልፈህ ተራህ ሲደርስ፣ ከኋላህ ሃምሳ ባጃጅና ሚኒባስ ጡሩምባ እየነፋ፣ አንተ «ቆይ እየተነፈሰች ነው» ስትል ይታይህ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ልግባ። ወንድም ጋሼ መኪና የሚገዛው ለመንዳት ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን ሊደብቅባት ነው። በዚህ አገር መኪና ባንክ ከሆነ ቆይቷል። አባቶቻችን የነዷት ዲ ኤክስ ኮሮላ ዛሬም በክብር ትሸጣለች። ይህን ያመጣው የመኪናው ጥንካሬ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከነአካቴው እንዳይገባ በሩ ተዘጋ። አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ወርቅ ሆነ። ሰዉ ጅል አይደለም፤ ብሩ እየቀለጠ ሲያይ ጎማ ላይ አስቀመጠው። ታዲያ ወንድም ጋሼ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኮሮላ ባንክ የሆነችው ሶማሌ ተራ ገብተህ የማታጣው ዕቃ ስለሌላት ነው። የትኛውም ጋራዥ፣ የትኛውም ከተማ ይፈታታል፣ ይገጥማታል። የዚህችኛዋ ባትሪ ግን በየዓመቱ እያረጀ የሚሄድ ነገር ነው። በቆመችበትም ያረጃል። አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካው ለባትሪው የሰጠው ዋስትና 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል ነው፤ የአሜሪካ ዋስትና ባሕር ተሻግሮ አያት ድረስ አይመጣም እንጂ። የምትቆመውም እንደ ሌላው መኪና በሞላ ሳይሆን በአየር ነው፤ የእኛ ጉድጓድ ያንን የአየር ከረጢት አንድ ቀን ይቀደዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲሸጣት ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባትሪዋስ?» ብሎ ነው። እንዲህ ያለች ባንክ ወለድ አትከፍልም፤ ራሷ ታስከፍላለች።

ዝም ብዬ እንዳልቃወም ብዬ ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ብዙ አላወሩም። መጀመሪያ የደህንነት ቀበቶውን እስከ ጫፉ ስበው አወጡና ጭቃ የነካው መሆኑን አዩ። ምንጣፉን ገልጠው አሸተቱ። አሜሪካ ውስጥ ጎርፍ የነካው ወይም የተጋጨ መኪና በጨረታ ተሽጦ በዱባይ በኩል ታጥቦ እንደሚመጣ እሳቸው ከማንም ይበልጥ ያውቁታል። ከዚያ ሥር ገብተው ብርቱካናማዎቹን ሽቦዎች ተመለከቱ፤ ከባዱ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድባቸው እነሱ ናቸው፤ አገር ቤት በፕላስተር የተጠቀለለ ካለ መኪናዋን ትቶ መሄድ ነው አሉ። በመጨረሻ ወጥተው እጃቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ ትሞላ። ጠዋት ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትል ጻፍ። ከዚያ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ንዳት። 50 ብላ በ25 ከተነሣች ግማሽ ባትሪ ነው የምትገዙት» አሉኝ።

ደላላው ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «ገመዷ እዚህ የለም፣ ባለቤቱ ጋ ነው» አለ። አያችሁ? በመብራት የምትሄድ መኪና እየሸጠ ገመዷ የለም! ከገባች ጀምሮ ተሰክታም የምታውቅ አትመስለኝም።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ራሴ አጣራሁ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጸው ላይ ፋብሪካው በባትሪ ውስጥ በተገኘ ቆሻሻ ምክንያት እሳት ሊነሣ ይችላል ብሎ ከ26,000 በላይ እንዲህ ያሉ መኪኖችን ጠርቶ ነበር። ኤክስ 5ም ከመካከላቸው ነበረች። እስኪጠገኑ ድረስ «አትሰኳቸው» ተብሎ ነበር። ይህችኛዋ ከነዚያ መካከል ትሁን አትሁን በሻንሲ ቁጥሯ አሜሪካኖቹ ዘንድ በነጻ ይታያል። ለወንድም ጋሼ «ቁጥሩን አምጣና እንየው» ብለው «ደላላው የለባትም ብሎኛል» አለኝ። የደላላ ቃል የፋብሪካ ምስክር የሆነበት ዘመን!

ይህን ሁሉ ስል መኪናዋ መጥፎ ናት ማለቴ አይደለም። ሰው ግቢና የራሱ ቆጣሪ ካለው፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ከነዳ፣ በየሌሊቱ ከሰካ፣ ባትሪው ቢሞት የሚያስቀይርበት ገንዘብ ከተረፈው ይግዛት፤ በነዳጅ ወረፋ አጠገብ እየሳቀ ያልፋል። የመብራቱ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ቢሆንም በየቀኑ ለሚሰካ ሰው ከቤንዚን ይሻለዋል። ወንድም ጋሼ ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። ያለው አንድ ሱቅ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ መስኮት፣ እና በብር ላይ ያደረበት ፍርሃት ነው። ፍርሃቱን ደግሞ እሱ አልፈጠረውም። ዕድሜ ልኩን የቆጠበ ነጋዴ ባንክን ሸሽቶ ሰው አገር የተጣለች ቅንጡ መኪና ሥር እንዲደበቅ ያደረገው ማን ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልስ መግለጫ እስካሁን አላነበብኩም።

ትናንት ማታ ደወለልኝ። «ያንተ ችግር ጋዜጣ ማንበብህ ነው» አለኝ። ገመዱ ይምጣ፣ አንድ ሌሊት ትሞላ፣ ጠዋት አብረን እንንዳት፣ ከዚያ እንነጋገር አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «ደላላው ሌላ ገዢ መጥቷል ይላል» አለ። ደላላ ሌላ ገዢ ያልመጣበት ቀን አለ እንዴ?

ቅዳሜ ቀብድ ይከፈላል ተብሏል። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ገመዱ እስካሁን አልመጣም፤ እኔም አልፈረምኩም።